ዲቪዲ ላፕቶፕ ላይ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ፤ ከየት ልጀምር?

ንጋት | ሰኞ፣ ምሽት 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ ላይ ዲቪዲ ስከፍት ምስሉ እየተቆራረጠ አስቸግሮኛል። ሰዎቹ ሲራመዱ እግራቸው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ድንገት ሌላ ቦታ ያርፋል፤ በመሃል ያለው እንቅስቃሴ አይታይም። ድምፁ ግን ያለ ችግር ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፦ ምስሉም ድምፁም አብረው ቀጥ ይላሉ፣ ዲስኩ ፍጥነቱን ሲቀንስና ሲጨምር ከውስጥ ይሰማል፣ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ይቀጥላል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይቆማል።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ያለው ሲሆን ዊንዶውሱ በቅርቡ እንደ አዲስ ተጭኗል። ማጫወቻዬ ቪኤልሲ ነው። ዲስኩ የተገዛ ፊልም አይደለም። አባቴ ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁላቸው መሸኛ የተቀረጸበት ነው። ዋናው የካሜራ ቅጂ ጠፍቷል፤ በእጃችን ያለው ይህ ዲስክ ብቻ ነው። አባቴ ንግግር የሚያደርጉት ደግሞ ልክ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ዲስኩን ሳልነካካው በፊት የምታውቁ ሰዎች ምክር እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ፈጣኑ | ሰኞ፣ ምሽት 2፡40

እህቴ፣ ይህ የኮዴክ (የታመቀ ቪዲዮ የሚፈታ ፕሮግራም) ችግር ነው። ሙሉ የኮዴክ ፓክ አውርደሽ ጫኚ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪ፣ ይስተካከላል። ካልሆነ ማጫወቻውን ቀይሪ።

መዘውር | ሰኞ፣ ምሽት 3፡30

ወይዘሮ ንጋት፣ እባክዎ ኮዴክ ፓኩን ለጊዜው ይተዉት። ቪኤልሲ የሚያስፈልገውን መፍቻ ሁሉ በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ከውጭ የሚጫን ኮዴክ አይጠቅመውም። ሌሎች ፕሮግራሞችን ግን ሊያውክ ይችላል፤ በኋላ ለማስወገድም አድካሚ ነው። ፈጣኑ ቅን ምክር እንደሰጠ አውቃለሁ፤ ይህ ምክር ቪዲዮ ባስቸገረ ቁጥር ስለሚደጋገም ብዙ ሰው ያለ ጥቅም ሲደክም አይቻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ዲቪዲ ላይ ያለው ምስል ኤምፔግ 2 በተባለው ዘዴ የታመቀ ነው። ምስል፣ ድምፅና የግርጌ ጽሑፍ ተደምረው በሰከንድ ከ10.08 ሜጋቢት እንዳይበልጡ የዲቪዲ ደንብ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የነበሩ፣ ፍጥነታቸው 400 ሜጋኸርዝ ገደማ የሆነ ፕሮሰሰሮች ይህን መፍታት ይችሉ ነበር። የእርስዎ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 እስከቻለ ድረስ ለዲቪዲ አቅም አያንሰውም። ስለዚህ «ኮምፒውተሬ ደካማ ነው» የሚለውን ሐሳብ አውጥተን እንጣል።

ዲቪዲ ሲታይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሠራሉ። አንደኛው ከዲስኩ ላይ ማንበብ ነው፤ ይህ የሌዘሩ፣ የሞተሩና የዲስኩ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የተነበበውን ፈትቶ ስክሪን ላይ ማሳየት ነው፤ ይህ የፕሮሰሰሩና የግራፊክሱ ጉዳይ ነው። ምልክታቸው ይለያል። ንባቡ ሲደናቀፍ ምስልና ድምፅ አብረው ይቆማሉ፤ ሁለቱም ዲስኩ ላይ ተቀላቅለው ስለተጻፉ አንዱ ሳይመጣ ሌላው አይመጣም። ማሳየቱ ሲያቅተው ግን ድምፁ እየቀጠለ ምስሉ ብቻ ይዘላል፤ ማጫወቻው ከድምፁ ጋር እኩል ለመሄድ ሲል የዘገዩትን ምስሎች እየጣለ ያልፋል።

እርስዎ ሁለቱንም ምልክቶች ጽፈዋል፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አንዱን፣ ከዚያ በኋላ ሌላውን። ሁለት ችግር ተደራርቦብዎታል ብዬ እገምታለሁ። ለማረጋገጥ ዲስኩን ይክፈቱና «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር ወደ ሃርድ ዲስክዎ ይቅዱ። በቤት የተቀረጸ ስለሆነ የቅጂ መከላከያ አይኖረውም። መቅዳቱ አንድ ቦታ ላይ እምቢ ካለ አያስገድዱት፤ የተቀዳውን ብቻ ከሃርድ ዲስክ ያጫውቱና ምን እንዳዩ ይንገሩን።

ሰገነት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50

በመዘውር ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ስታጫውቺ ላፕቶፑ በባትሪ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ? በባትሪ ሲሆን ኃይል ቆጣቢው ቅንብር የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። የማቀዝቀዣው አየር ማስወጫ በአቧራ ከታፈነም ፕሮሰሰሩ ራሱን ከሙቀት ለመከላከል ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንዲህ ሲሆን ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ እየቆየ ይበላሻል፤ ግማሽ ሰዓት ያልሽው ይህንን አስታወሰኝ።

በቪኤልሲ ቅንብሮች ውስጥም ለዲስክ የተመደበው የመጠባበቂያ ጊዜ (ማጫወቻው ቀድሞ አንብቦ የሚይዘው) አለ። ተለምዷዊው 300 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ወደ 2000 ወይም 3000 ብታሳድጊው ጠቃሚ ነው።

መዘውር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

የሙቀቱ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ቢመለስ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሙቀት ድምፁንም ምስሉንም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አያቆምም። መጠባበቂያውን ማሳደግ ድራይቩ (ዲስኩን የሚያነበው ክፍል) ለአፍታ ሲዘገይ ይሸፍናል፤ ዲስኩ አንድ ቦታ ላይ ለብዙ ሰከንድ ካልተነበበ ግን ሦስት ሰከንድ የሚሆን መጠባበቂያ ያልቅና እንደገና ይቆማል። ቅንብር ከመነካካት በፊት የመቅዳቱን ውጤት እንጠብቅ።

ንጋት | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላፕቶፑ ሁልጊዜ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ሲነካም ብዙ አይሞቅም።

ፎልደሩን ቀዳሁት። ፋይሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጊጋባይት ገደማ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትልልቅ ፋይሎች ያለ ችግር ገቡ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መቅዳቱ እየዘገየ ሄዶ ማንበብ አልቻልኩም የሚል መልእክት አመጣ፤ እንዳላችሁኝ ተውኩት።

የገረመኝ ግን ይህ ነው፦ የተቀዱትን ሁለት ፋይሎች ዲስኩን አውጥቼ ከሃርድ ዲስኩ ሳጫውታቸውም ምስሉ እንደ በፊቱ ይዘላል! ታስክ ማኔጀርን ከፍቼ ሳይ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 90 በመቶ አካባቢ ነው።

መዘውር | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡40

በጣም ጥሩ መረጃ ነው። አሁን በእርግጠኝነት መናገር እንችላለን፤ ዲስኩ ወጥቶም ከዘለለ ያኛው ችግር ከዲስኩና ከድራይቩ ጋር አይገናኝም። ዲቪዲ ለመፍታት ብቻ ሲፒዩ 90 በመቶ መድረስ የለበትም።

የጀምር ምልክቱን በቀኝ አዝራር ተጭነው ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ሲዘረጉ ከሥሩ የተጻፈውን ስም እንዳለ ይጻፉልን።

ንጋት | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡52

«ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

መዘውር | ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡10

ተገኘ። ይህ ስም የሚታየው ዊንዶውስ የግራፊክሱን ትክክለኛ ድራይቨር (ክፍሉን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ሳያገኝ ሲቀር ነው። ስክሪኑ ባዶ እንዳይሆን የሚቀመጥ ጊዜያዊ ድራይቨር ነው፤ ጽሑፍና ሥዕል ያሳያል፤ ቪዲዮ ለማቅለል የተሠራውን የግራፊክስ ክፍል ግን አያሠራም። ስለዚህ ምስሉን መፍታቱ፣ ቀለሙን መለወጡ፣ ወደ ስክሪኑ ስፋት ማሳደጉ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው ያንብቡና ከአምራቹ ድረ ገጽ የግራፊክስ ድራይቨሩን ያውርዱ፤ ወይም ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ እንዲፈልግ ያድርጉ። «ድራይቨር አዳሽ ነኝ» የሚሉትን ከየቦታው የሚወርዱ ፕሮግራሞች ግን አይጠጉ፤ ብዙዎቹ ሌላ ጣጣ ይዘው ይመጣሉ።

ብርሌ | ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡00

ድራይቨሩ ከገባ በኋላ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የቤት ካሜራ የቀረጸው ዲቪዲ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ምስል በሁለት ተከፍሎ፣ ጎዶሎዎቹ መስመሮች በአንድ ቅጽበት ሙሉዎቹ በሌላ ቅጽበት የተያዙበት ነው። ላፕቶፕ ስክሪን ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያሳያል። በዚህ የተነሣ የሚንቀሳቀስ ሰው ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የሚመስሉ አግድም መስመሮች ይወጣሉ። ብዙ ሰው ይህንንም «ተቆራረጠ» ይለዋል፤ ግን ምንም የጠፋ ነገር የለም። በቪኤልሲ የቪዲዮ ዝርዝር ውስጥ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ያብሩት። ከአማራጮቹ «ያዲፍ 2ኤክስ» የሚባለው እንቅስቃሴውን ለስላሳ አድርጎ ያወጣዋል።

ንጋት | ረቡዕ፣ ምሽት 12፡45

ድራይቨሩ ገባ፤ ምስሉ ተስተካከለ! አሁን ሲፒዩው በጣም ዝቅ ብሏል። በታስክ ማኔጀር ውስጥ የግራፊክሱን ገጽ ስከፍት «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለው መስመር ፊልሙን ሳጫውት ከፍ ይላል፣ ሳቆመው ይወርዳል። ብርሌ ያሉትን መስመሮችም አይቻቸው ነበር፤ እንዳሉት ሳደርግ ጠፉ። እናቴ ከመድረኩ ስትወርድ ነጠላዋ ሲወዛወዝ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

የቀረው ሦስተኛው ፋይል ነው። አሁንም እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

ፈጣኑ | ረቡዕ፣ ምሽት 1፡10

እንኳን ደስ አለሽ። መቆሙ ምናልባት ሌዘሩ ከአንዱ የዲስክ ንብርብር ወደ ሌላው ሲሸጋገር ይሆናል፤ ፊልሞች ላይ መሃል ላይ ትንሽ ቆም የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

መዘውር | ረቡዕ፣ ምሽት 1፡35

ያልከው ነገር እውነት አለ፤ ግን ንብርብር መሸጋገሩ የሚያጋጥመው 8.5 ጊጋባይት በሚይዙት ባለ ሁለት ንብርብር ዲስኮች ነው፤ መቆሙም ለአፍታ ብቻ ነው፤ ፋይል ሲቀዳ ደግሞ ስህተት አያመጣም። ወይዘሮ ንጋት፣ የዲስኩ ጠቅላላ መጠን ስንት ነው? ከ4.7 ጊጋባይት ካልበለጠ ባለ አንድ ንብርብር ነው።

ንጋት | ረቡዕ፣ ምሽት 1፡42

ከአራት ጊጋባይት ትንሽ ከፍ ይላል። ከሥሩ በብርሃን ስመለከተው ከመሃል ወጣ ብሎ የጣት አሻራ የሚመስል ጭጋግ አለ፤ አንድ ቀጭን ጭረትም አለ።

መዘውር | ረቡዕ፣ ምሽት 2፡20

እንግዲያው የንባብ ችግር ነው። እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ዲስኩ አንድ ብቻ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው።

ዲቪዲ ሲጻፍ መረጃው በ2048 ባይት ክፍሎች ይደረደራል፤ 16ቱ ክፍሎች አንድ ላይ ሆነው የስህተት ማረሚያ ይጨመርላቸዋል። ትንሽ ጭረት ወይም ጉድፍ ቢኖር ድራይቩ የጎደለውን ከቀረው አስልቶ ይሞላዋል፤ ተመልካቹ ምንም አያውቅም። ጉዳቱ ከማረሚያው አቅም ሲበልጥ ድራይቩ ፍጥነቱን ቀንሶ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ይሞክራል። የሚሰሙት የፍጥነት መለዋወጥ ይህ ነው።

ስለዚህ ሲያጸዱ ለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ ይዘው ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ። ክብ እየዞሩ መጥረግ በፍጹም አይገባም። መረጃው የተጻፈው ክብ እየዞረ ስለሆነ በዚያው አቅጣጫ የሚወጣ ጭረት በተከታታይ ያለውን ብዙ መረጃ ያበላሻል፤ መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ግን ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ብቻ ስለሚነካ ማረሚያው ይችለዋል። የጣት አሻራው በደረቁ ካልለቀቀ ጨርቁን በአይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ ያርጥቡት። የጥርስ ሳሙና የሚሉትን አይስሙ፤ የሚፍቅ ነገር ነው።

ከዚያ የድራይቩን መስታወት (የሌዘሩን ሌንስ) ይመልከቱ። በአብዛኛው የላፕቶፕ ድራይቭ ላይ መሳቢያው ሲወጣ ትንሿ መስታወት አብራ ትወጣለች። አቧራ ካለባት በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ ይጠቀሙ፤ በአፍ አይንፉ፣ ምራቅ ይረጫል። «ሲዲ በደንብ ያነባል፤ ስለዚህ ድራይቩ ጤነኛ ነው» ብለውም አይደምድሙ፤ ለሲዲ የሚያገለግለው ሌዘር 780 ናኖሜትር፣ ለዲቪዲ የሚያገለግለው 650 ናኖሜትር ነው፤ አንዱ ደክሞ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል።

ሰገነት | ረቡዕ፣ ምሽት 2፡50

በውጭ የሚገናኝ የዩኤስቢ ድራይቭ ከሰው መዋስ ከቻልሽ ሞክሪው። አንድ ድራይቭ የማያነበውን ሌላው ያነባል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሆኖም በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኪው እንጂ በማከፋፈያ አታድርጊው። ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው ኃይል 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ድራይቭ አለ፤ ኃይል ሲያንሰው ልክ የተበላሸ ዲስክ እንዳነበበ ይቆራረጣል።

ፔንግዊን | ረቡዕ፣ ምሽት 3፡25

እስካሁን የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን እባክዎ ዲስኩን ደጋግመው ማጫወት ያቁሙ። በቤት የሚጻፍ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንብርብር ነው፤ ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ይደክማል። አሁን የሚያስፈልገው ሙሉ ቅጂ ማውጣት ነው።

ለዚህ የሚሆነው ዲዲሬስኪው የተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ላይ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሥርዓተ ክወና ነው) ይሠራል፤ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥተው ሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይጭኑ መጠቀም ይችላሉ። መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ በፍጥነት ይሰበስባል፤ እምቢ ያለውን ቦታ መዝግቦ ያልፈዋል፤ በመጨረሻ ወደዚያ ይመለሳል። የማንበቢያ መጠኑን 2048 ባይት ይበሉት።

ዋናው ጥቅሙ የመዝገብ ፋይሉ ነው። በላፕቶፑ ድራይቭ ከጨረሱ በኋላ ያንኑ ዲስክ ሰገነት ባሉት የዩኤስቢ ድራይቭ ላይ አድርገው፣ ያንኑ የመዝገብ ፋይልና ያንኑ የቅጂ ፋይል ሰጥተው እንደገና ሲያስጀምሩት የጎደለውን ብቻ ይሞክራል። አንዱ ያላነበበውን ሌላው ይሞላል። ሁለት ድራይቮች አንድ ቅጂ አብረው ይሠራሉ ማለት ነው።

ቋሚ ተጠቃሚ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡15

ይቅርታ፣ በመሃል ገባሁ። የእኔም ተመሳሳይ ነው፤ ግን ላፕቶፔ አሮጌ ሆኖ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው ያለበት። ማንኛውም ዲቪዲ፣ አዲሱም አሮጌውም፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ድምፁም ምስሉም ይንተባተባል። ወደ ሃርድ ዲስክ የቀዳሁት ግን በደንብ ይታያል። በሚቀዳበት ጊዜ ደግሞ የመዳፊቱ ቀስት ሳይቀር ይጎተታል።

መዘውር | ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

ወንድሜ፣ የቀስቱ መጎተት ብዙ ይናገራል። ድራይቭህ ከዲኤምኤ ወደ ፒአይኦ ወርዷል ብዬ አምናለሁ። በዲኤምኤ መረጃው ከድራይቩ በቀጥታ ወደ ማስታወሻ ይገባል፤ በፒአይኦ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ እያንዳንዷን ቁራጭ ተቀብሎ ያስገባል፤ ሌላ ሥራ ለመሥራት ፋታ አያገኝም። ኤክስፒ በአንድ ድራይቭ ላይ ስድስት የንባብ ስህተቶች ሲጠራቀሙ ራሱ ወደዚህ ያወርደዋል፤ አንድ የተበላሸ ዲስክ ብቻ ይበቃል። ዲስኩ ከወጣም በኋላ በራሱ አይመልሰውም።

ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብተህ የአይዲኢ መቆጣጠሪያዎቹን ዘርጋ። ድራይቩ ያለበት ብዙውን ጊዜ «ሰከንደሪ አይዲኢ ቻናል» ነው። በአድቫንስድ ሴቲንግስ ገጹ ላይ አሁን የሚሠራበትን ሞድ ታያለህ። ፒአይኦ የሚል ከሆነ ያንን ቻናል አንኢንስቶል አድርገውና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሣው፤ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ያገኘዋል፤ በዲኤምኤም ይጀምራል።

ንጋት | ዓርብ፣ ምሽት 2፡30

ወገኖቼ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ዲስኩን እንደተባለው አጸዳሁት፤ ጭጋጉ ሙሉ በሙሉ ለቀቀ፤ ጭረቱ ግን አለ። ከዚያ የወንድሜ ልጅ ረድቶኝ ሊኑክሱን ከፍላሽ አስነሣነው። በላፕቶፑ ድራይቭ አብዛኛው ተሰበሰበ፤ የቀረው ሁሉ ጭረቱ ያለበት አካባቢ ነው። በተዋስነው የዩኤስቢ ድራይቭ ስንደግመው የጎደለው ቁጥር ዓይናችን እያየ ይቀንስ ጀመር። በመጨረሻ የቀሩት ጥቂት ኪሎባይቶች ናቸው።

ቅጂውን በቪኤልሲ ከፍቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። የአባቴ ንግግር ሙሉ ነው። እንግዶቹ ሲያጨበጭቡ አንድ ቦታ ላይ ምስሉ ለቅጽበት በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሰበራል፤ ድምፁ ግን አይቋረጥም።

ፔንግዊን | ዓርብ፣ ምሽት 2፡55

ደስ ይላል። ቅጂውን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡት፤ አንዱ ከላፕቶፑ ውጪ ይሁን። ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል ለመቀየር ቢፈልጉ እንኳ ይህንን ዋናውን አይሰርዙት፤ በተቀየረ ቁጥር የምስሉ ጥራት ይቀንሳል። ዲስኩንም ከብርሃንና ከሙቀት አርቀው ያኑሩት።

ቋሚ ተጠቃሚ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡20

መዘውር፣ ያልከው ትክክል ነበር፤ ፒአይኦ ይል ነበር። ቻናሉን አውጥቼ ሳስነሣው «አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 2» ሆነ፤ ዲቪዲውም በደንብ ይሄዳል። እንዳይመለስ ምን ላድርግ?

መዘውር | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡45

ያን ስህተት ያጠራቀመውን ዲስክ ለይተህ አውጣውና ዳግመኛ በዚህ ድራይቭ አታስገባው። በንጹሕ ዲስክ ጭምር ወደ ፒአይኦ ከተመለሰ ግን ስህተቱ ከድራይቩ ወይም ከመገናኛው ነው፤ ያን ጊዜ ድራይቩን አውጥተህ መገናኛውን አጽዳና በደንብ መልሰህ ግጠመው። ያም ካልረዳ ድራይቩ መቀየር አለበት።